እባካችሁ አታርሙልኝ

ቆይ እኔ ምን አድርጌያቸው ነው? እስኪ በእናታችሁ ፍረዱኝ። ሰው አረሙን ሲያርሙለት ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን የነሐሴ ተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን በመጣሁበት ነጠላ፣ ጭቃ መሀል ቆሜ፣ ሃያ ሦስት ሰው ፊት "እባካችሁ አታርሙልኝ!" እያልኩ አለቀስኩ። አለቀስኩ ስላችሁ ቆንጆ ለቅሶ እንዳይመስላችሁ፤ ንፍጤ ሁሉ ወርዷል። እነሱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አይዞሽ የኔ ልጅ" ብለው ፍጥነት ጨመሩ!

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። አለዚያ እብድ ናት ነው የምትሉኝ።

ሳሌም እባላለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ቤታችን አንኮበር ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። አባቴ ቄስ ወልደአረጋይ ነው። ከቤታችን ጀርባ ሩብ ጥማድ የምትሆን መሬት አለችን። በአንድ በኩል የጎረቤታችን የጋሽ ጌጡ መሬት ያዋስናታል፣ በሌላ በኩል ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ደመና። በቃ። አባዬና ጋሽ ጌጡ በዚያች ድንበር ምክንያት እኔ ሳልወለድ ሽማግሌ ተቀምጦባቸዋል አሉ፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ትንሽ ልጅ እያለሁ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ከአፋፉ ላይ የሚጮኸው ቆቅ ነበር። አውራ ዶሯችን እንኳ አይቀድመውም ነበር። ከዚያ ሰዉ ባሕር ዛፍ ተከለ፣ ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ ማሳው ሁሉ ፀረ አረም ይረጭ ጀመር፣ ቆቁም ጠፋ። የሚገርማችሁ፣ መጥፋቱን ራሱ አላወቅኩም። የካቲት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ሲሰበሰብ ቲቸር ዘርአ ዳዊት "ለመሆኑ ዘንድሮ ቆቅ ሲጮህ የሰማ አለ?" ብሎ ጠየቀ። አንድም እጅ አልወጣም። የኔም።

"መደበቂያ የላትማ" አለ ቲቸር። "የት ትቀመጥ? አንድ ሰው ትንሽ መሬት ቢሰጠን፣ ምንም ኬሚካል ሳንጠቀም አዘጋጅተን እህልና ሣር ደባልቀን ብንዘራባት፣ ሳናጭድ ዝም ብለን ብንተዋት፣ ትመጣ ነበር።"

ብድግ ብዬ "እኛ መሬት አለን!" አልኩ።

እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው። ክፍሉ አጨበጨበ፣ ቲቸር ዘርአ ዳዊት "ጎበዝ ሳሌም!" አለኝ፣ እኔም እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው መሬቱ የአባዬ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

አባዬ ሲቆጣ አይጮህም። ያልኩትን ነው መልሶ የሚለኝ፤ እሱ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል።

"ለቆቅ" አለ።

"ለቆቅ፣ አዎ።"

"የበልግ ገብሳችንን መሬት። ለቆቅ።"

"አባዬ፣ ትንሽ'ኮ ናት! ደግሞ ክበቡ ሁሉ ፊት ቃል ገብቻለሁ። ቃል አይታጠፍም ብለህ የምትሰብከው አንተ አይደለህ?"

እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። አባዬ ጺሙን ዳበሰ፣ ከዚያ ፈረደ። "እስከ ኅዳር ሚካኤል። እስከዚያ ከዚያች መሬት ላይ ቆቅ ሲጮህ በነዚህ በሁለት ጆሮዎቼ ከሰማሁ ያንቺ ትሁን። ካልሰማሁ በማግስቱ አርሳታለሁ፣ ለበልግ ገብስ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ የቆቅ ወሬ እዚህ ቤት እንዳይነሳ።"

ሳምኩት። ጺሙን፣ ግንባሩን፣ ሁሉንም።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። የሚረጭ ሰው አንድ ጠዋት ይረጫል፣ ሄዶ ይተኛል። ያለ ኬሚካል ሲሆን ግን አረሙን ማታለል አለባችሁ። መሬቱ አንዴ ይገመሳል፣ ዝናብ ይጠበቃል፣ አረሙ ደስ ብሎት ብቅ ይላል፣ ዘር ሳያፈራ ትገለብጡታላችሁ። ደግሞ ትጠብቃላችሁ፣ ደግሞ ይበቅላል፣ ደግሞ ትገለብጡታላችሁ። አባዬ አንዴ በበሬ ከገመሰልኝ በኋላ "በሬዎቼ ለቆቅ አይደክሙም" አለ። የቀረውን ሁለት ዙር በዶማ! ክበቡ ሃያ ስምንት ልጅ አለው፣ ሲያጨበጭቡ ሁሉም ነበሩ። ለቁፋሮ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ መጡ፣ በሁለተኛው አራት፣ ከዚያ እኔና ጓደኛዬ ሮዳስ ብቻ ቀረን፣ ከዚያ የሮዳስ ጥፍር ተሰበረና እኔ ብቻ። እጄ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ እንደገና ቋጠረ።

ጋሽ ጌጡ ደግሞ አሉ። ልባቸው ማር ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆኑ ዝም እላቸው ነበር። መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው በየቀኑ ድንበሩ ላይ ይቆማሉ።

"ሳሌምዬ፣ ምን ያደክምሻል? ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ በመድኃኒት ድራሹን ላጥፋልሽ።"

"ጋሽ ጌጡ፣ እሱ መድኃኒት አይደለም! ትሉን ሁሉ ይጨርሰዋል። ትል ከሌለ የቆቅ ጫጩት ምን ትበላለች?"

"የቆቅ ጫጩት ትል ትበላለች?"

"እንደ ዶሮ ጫጩት ናት'ኮ።"

"ታዲያ ዶሮ አርቢያ! እንቁላሉ ለኛም ይተርፈን ነበር።"

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። "አሰብኩበት። መድኃኒቱን ካልፈለግሽ አፈሩን ከምረን፣ ኩበት አግብተን እናቃጥለው። አባቶቻችን እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ኬሚካል የለው፣ ምን የለው።"

"ትሉም ይቃጠላላ!"

"አይ ይሄ ትል!" አሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ።

ሰኔ ላይ ዘራሁ። ገብስ፣ ተልባና ሲናር። ሲናር ገብስ መስሎ ገብስ ውስጥ የሚበቅለው፣ ገበሬ ሁሉ የሚጠላው አረም ነው። ቲቸር ዘርአ ዳዊት ግን "ፍሬው ቶሎ ይረግፋል፣ ቆቅ መሬት ለመሬት ለቅማ ትበላዋለች" ብሎኛል። ዘሩን ፍለጋ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ዞርኩ። እትዬ የውብዳር፣ ከታች ያሉት ጎረቤታችን፣ "የሲናር ዘር ይኖርዎታል?" ስላቸው ሰፌዱ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ሲናር ዘር ተብሎ ይለመናል እንዴ? ሃያ ዓመት ሙሉ ላጠፋው የታገልኩትን!" ግን ለዶሮዎቻችን የምወስደው መስሏቸው ሰጡኝ፤ እሳቸውም ለዶሮዎቻቸው ከገብስ ለቅመው ያስቀመጡት ነበራቸው። ከገደሉ አፋፍ ደግሞ ጓሳ ሣር እየነቀልኩ አምጥቼ ዳር ዳሩን ተከልኩ።

ነሐሴ ላይ ብታዩዋት! ደረቴ ድረስ ደረሰች። ተልባው ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ፣ ሲናሩ ንፋስ ሲነካው ውሃ መስሎ፣ ከስር ደግሞ የማይታይ ድብቅ ጨለማ። ወፍ የተባለ ሁሉ መጣ። ቆቅ ብቻ ቀረ። ቢሆንም ገና ነው፣ ኅዳር ሩቅ ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

ነሐሴ ሃያ ላይ ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ ወለደች። እማዬ ልታርሳት ሄደች፣ አባዬም ሊያደርሳት አብሮ ሄዶ፣ የአንኮበር መኪና አጥቶ እዚያው ከረመ። ቤቱን እኔ ያዝኩ። ተክለ ሃይማኖት ደረሰ፣ አስቀድሼ ወጣሁ፣ ከሮዳስ ጋር ቆሜ ማውራት ጀመርኩ። እኔና ሮዳስ ስንጀምር ታውቃላችሁ። ሰዓቱን አላውቀውም፣ ብቻ ብዙ ነው። ይቺ ወሬ ግማሽ መሬት አስከፈለችኝ።

ሰፈራችን ውስጥ በበዓል ቀን ማንም የራሱን ማሳ አይነካም። ለአቅመ ደካማ ወይም ለካህን መሥራት ግን ይቻላል፣ እንዲያውም ጽድቅ ነው። ታዲያ ከሩቅ የደቦ ዘፈን ስሰማ "ደግ ሰዎች፣ የየትኛዋን መበለት እያረሙ ይሆን?" ብዬ ደስ አለኝ። የኔን ነው'ኮ! ወንድ ሴቱ ተሰልፎ፣ ከድንበሩ ጀምሮ ሲናሬን እየነቀለ ወደ ላይ እየመጣ!

"ምን እያደረጋችሁ ነው?!"

"እንኳን አደረሰሽ ሳሌምዬ" አሉ ጋሽ ጌጡ ቀና ብለው፣ የታቀፉትን ሲናር ሳይጥሉ።

"ማነው አርሙ ያላችሁ?"

"ማን ይበለን፣ ዓይን የለንም? እናትሽ አራስ ቤት፣ አባትሽ መንገድ ላይ፤ የቄሳችን መሬት አረም ሲውጣት ቆመን እንድናይ ነው?"

"አረም አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘራሁት! ሲናሩን እኔ ነኝ የዘራሁት!"

ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ ሳቀ። "የአባቷን ስም ልታድን ነው፣ ብልጥ ናት" አለ። ሌላው "ቡሩክ ልጅ" አለ። ነቀላው ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው። "እባካችሁ አታርሙልኝ! በተክልዬ!"

እትዬ የውብዳር ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ ወደኔ መጡ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረጉልኝና ጆሮዬ ስር "ገብቶኛል ልጄ" አሉኝ። ተመስገን አልኩ። "ደቦ ወጥቶልሽ የምታቀርቢው የለሽም። እናትሽም የለች። ይሄ ነው የሚያስለቅስሽ?"

"አይደለም!"

"አትፈሪ፣ ማንም አያማሽም።" ከዚያ ዞረው ጮኹ። "ሰማችሁ? ልጅቷ የምታበላን አጥታ ነው የተጨነቀችው! ምንም አንፈልግም በሏት!"

"ምንም አንፈልግም!" አሉ ሃያ ሦስቱም።

"ውሃ ይበቃናል!" አሉ ጋሽ ጌጡ። "በሉ ቶሎ ቶሎ እንጨርስላት፣ ልጅቷ አትሳቀቅ!"

ያን ጊዜ እንዴት እንደፈጠኑ! "ተዉ" ስላቸው ምግብ የለኝም ማለቴ ይመስላቸዋል፣ ስጮህ ባሰብኝ ማለቴ ይመስላቸዋል። መሬት ላይ ልተኛ አሰብኩ፤ ተሸክመው ዳር ያስቀምጡኝ ነበር። ግማሹ አልቋል። የነቀሉትን ድንበሩ ላይ እየከመሩ፣ ክምሩ ከኔ ቁመት በልጧል።

ድንገት ገባኝ። በዚህ ምድር ደቦን የሚያቆም ነገር አንድ ብቻ ነው።

ጓዳችን ጥግ አንድ ጋን ጠላ ነበር፣ አፉ ተለስኖ የተቀመጠ። ለጳጉሜን ሩፋኤል ማኅበር የተጠመቀ ነው፣ ተራው የአባዬ ነበር። እማዬ ስትሄድ "እንዳትነኪው" እንኳ አላለችኝም። ማን ይነካዋል? የማኅበር ጠላ ነው'ኮ! ልስኑን ሰብሬ፣ ጠላውን በማሰሮ ቀድቼ፣ አምስት ጣሳ ይዤ ወጣሁ።

"ጠላ ቀርቧል!" አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ሁሉም ቆመ። እውነቴን ነው፣ በአንድ ጊዜ! እጆች ሁሉ ከሲናሬ ላይ ተነሱ።

"እንዲያው ምን አስቸገረሽ" አሉ ጋሽ ጌጡ፣ ቀድመው እየተቀመጡ።

ቆሎም አወጣሁ፣ የነበረውን እንጀራም በአዋዜ አቀረብኩ። ጋኑ ውስጥ አተላ ብቻ እስኪቀር ጠጡ። አንዳቸውም ወደ ማሳው አልተመለሱም። ሲሄዱ ጋሽ ጌጡ ቆመው መረቁኝ። "መሬትሽን ይባርክልሽ! ዳግመኛ ሲናር አይብቀልባት!"

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

አባዬ በማግስቱ መጣ። ባዶውን ጋን አየ፣ የማሳውን ግማሽ ራቁቱን አየ፣ እኔን አየ።

"የማኅበሩን ጠላ" አለ።

"አባዬ፣ እኔ..."

"ለቆቅ።"

ለሩፋኤል ጠላ ከጎረቤት ለምኖ አመጣ። ከማን መሰላችሁ? ከጋሽ ጌጡ! "የቄሳችን ጠላ እንዴት አለቀ?" ብለው ጠየቁት አሉ።

መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ለቲቸር ዘርአ ዳዊት እያነባሁ ነገርኩት። አብሮኝ የሚናደድ መስሎኝ ነበር። መጥቶ አየና "እንዲያውም ጥሩ ነው!" አይለኝም? "ግማሹ ግልጥ፣ ግማሹ ጥቅጥቅ። ጫጩቶች ጠል ሲመታቸው ፀሐይ የሚሞቁበት ግልጥ ቦታ ይፈልጋሉ፤ መናገር ረስቼ ነው።" ረስቼ ነው! ክምሩን ምን እናድርገው ሲለኝ "ይበስብስ!" አልኩት። ለጽድቅ የታረመ ስለሆነ ለከብቱ ብሎ አንዲት እፍኝ የወሰደ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንዲያየው ራሱ አልፈልግም ነበር።

ጥቅምት አለፈ። በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቀናለሁ። ቁራ፣ ዋኔ፣ የጋሽ ጌጡ አህያ፤ ቆቅ የለም። ኅዳር አሥራ አንድ ከሰዓት አባዬ ቀንበሩን አውጥቶ ጠፍሩን አጠበቀ። እማዬ ጸጉሬን ልትሠራልኝ ብትሞክር እንቢ አልኩ።

በሚካኤል ጠዋት ከቅዳሴ ተመለስን። አባዬ ከፊት፣ ጋሽ ጌጡና እትዬ የውብዳር ጸበል ጸዲቅ ሊቀምሱ ከኋላ፣ እኔ ከሁሉ ኋላ እግሬን እየጎተትኩ። በቤታችን ጀርባ ስንዞር ጮኸ።

ቆቁ። ያ የልጅነቴ ድምፅ፣ ከሆዱ የሚወጣ፣ ፈጥኖ ፈጥኖ የሚደጋገም። አባዬ መስቀሉን እንደያዘ ቀጥ አለ። ደግሞ ጮኸ። እና የት ነው ያለው? ከደከምኩበት ገብስ ውስጥ? ሌሊትና ቀን ከጸለይኩበት ጓሳ ውስጥ? አይ! ክምሩ ላይ! እዚያ የጠላሁት፣ የበሰበሰ፣ የማንም አረም ክምር ላይ አንገቱን ቀስሮ፣ ንጉሥ ይመስል! ከስሩ ደግሞ ሴቷ ብቅ ብላ የረገፈውን ሲናር ትለቅማለች።

"ሰማህ? አባዬ ሰማህ? በሁለቱም ጆሮህ?"

"ሰማሁ" አለ አባዬ። ደስ ብሎኝ ልዘል ስል እጁን አነሳ። "ግን ከዚያች መሬት ላይ ነው ያልኩት። ክምሩ ያለው ድንበሩ ላይ ነው። ድንበር ያንቺም አይደለም፣ የኔም አይደለም።"

እንዲህ ነው አባዬ። ቃሉን ለራሱም አያለሳልስ፣ ለልጁም አያለሳልስ። ነገ ጠዋት በሬዎቹ ይገባሉ ማለት ነው።

ጋሽ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቄስ ወልደአረጋይ፣ ተሳስተዋል" አሉ።

እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በድንበር ነገር አባዬን "ተሳስተዋል" ማለት፣ ሽማግሌ ከተቀመጠባቸው ስንት ዓመት በኋላ!

"ክምሩ በናንተ መሬት ላይ ነው ያለው" አሉ ጋሽ ጌጡ። በዱላቸው ከክምሩ ወዲያ፣ ወደ ራሳቸው ማሳ ሁለት ክንድ ያህል ገብተው መስመር አሰመሩ። "ድንበሩ ይሄ ነው። የውብዳር ትመስክር፣ ሚካኤልም ይመስክር። ዛሬም ነገም።"

አባዬ መስመሩን አየ። ጋሽ ጌጡን አየ። በዚያ ድንበር ስንት ጊዜ ተጣልተው እንደሆነ እንጃ። መስቀሉን አሳለማቸውና ቀስ ብሎ "እንግዲያው የሷ ናት" አለ።

ጮኽኩ። ቆቆቹ በርረው ወደ ገደሉ ወረዱ፣ እኔ ጋሽ ጌጡ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። ሁሉን ይቅር አልኳቸው፤ መርጫውንም፣ ኩበቱንም፣ ሲናሬንም። ለአንድ ደቂቃ ያህል።

ምክንያቱም በሚቀጥለው ደቂቃ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አየሽ? ብናርምልሽ ነው የመጡት!"

"ጋሽ ጌጡ..."

"እኛ ነን ያመጣናቸው! ስንት ወር ሲናር ውስጥ ደብቀሽ ጠብቀሽ መጡ? አልመጡም። አረምንልሽ፣ መጡ። በየዓመቱ በተክለ ሃይማኖት እንወጣለን። ሰፈሩ ቃል ይግባ!"

"እንወጣለን!" አሉ እትዬ የውብዳር።

"ግማሹን ብቻ!" አልኩ። "ግማሹን ብቻ ታርማላችሁ! ክምሩን እዚያው ትተዉታላችሁ! መድኃኒት የሚባል ነገር ድርሽ አይልም!"

"እሺ እሺ፣ አትጩኺ፣ ግማሹን" አሉ፣ ለሕፃን እሺ እንደሚባለው። ሲናገሩ ዓይናቸው የቆመውን ግማሽ ሲለካ አይቼዋለሁ። አላምናቸውም።

ይኸው አሁን ሰፈሩ ውስጥ ስሄድ "ደቦው ያመጣቸው ቆቆች ደህና ናቸው?" ይሉኛል። ደቦው! እጄ ላይ የዶማው ጠባሳ ገና አልጠፋም። እማዬ ደግሞ ለሚመጣው ተክለ ሃይማኖት ሁለት ጋን እንጠምቃለን ብላለች፤ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለደቦው። ለግማሽ መሬት ሙሉ ጋን!

ቆቁም ቢሆን እሱ አያመሰግን። ዛሬ ገና ሳይነጋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክምሩ ላይ ወጥቶ መስኮቴ ስር ለቀቀው። ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ፣ አልበቃም። ቅዳሜ ነው'ኮ! አንድ ቀን እንኳ አያስተኛኝም?